የበሽታን ምክንያት አጣርቶ ስለ ማወቅ፤ በወላይታ ከሚታየው የእግር ማበጥ የሚገኝ ትምህርት

ሁለት ነገሮች በአንድ ስፍራ ዘወትር አብረው ሲታዩ፥ የሰው ልብ አንደኛው ለሁለተኛው ምክንያት ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ይህ ፍርድ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስሕተት የሚሆንበትም ጊዜ ብዙ ነው። ከሁለቱ በስተ ኋላ ሦስተኛ ነገር ቆሞ ሁለቱን በአንድነት የሚስባቸው ሊሆን ይችላልና። ይህ ሦስተኛ ነገር በዚህ ጽሑፍ አደናጋሪ ምክንያት ተብሎ ይጠራል።

አደናጋሪውን ከእውነተኛው መለየት ለሐኪም ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ስለ ሕዝብ በሽታ፥ ስለ ሰብል መበላሸትና ስለ ከብት ዕልቂት ከየወረዳው የሚጻፈው ማስታወሻ አስቀድሞ የሚደርሰው ወደ አገሩ ሹም ነው። ሹሙም በተጻፈለት መሠረት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ገንዘብ ያስወጣል፤ ባላገሩን ከሥራው ያስነሣል። የተጻፈው ምክንያት እውነተኛው ካልሆነ ገንዘቡ ይባክናል፥ ሕዝቡ ይደክማል፥ በሽታውም እንደ ነበረ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን፥ አንድ ጊዜ በከንቱ የደከመ ሕዝብ ኋላ የሚሰጠውን እውነተኛ ምክር ለመስማት እምቢ ማለቱ ነው።

ለዚህ ትምህርት ከወላይታ አገር የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። በዚያ የሚታየው የእግር ማበጥ የገበሬ በሽታ ነው፤ መነሻውም የሚታረሰው አፈር ነው፤ ስለዚህ የእርሻን ሥራ የሚመለከት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ አገሩና ስለ በሽታው

ወላይታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ይገኛል። ዋና ከተማው ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረ ሲሆን፥ ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆኖአል። ደጋውና ወይና ደጋው ዝናም የበዛበት፥ ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት፥ በየቤቱ ጓሮ እንሰት የሚተከልበት አገር ነው። አፈሩ በብዙ ስፍራ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ በክረምት ከእግር ላይ ይጣበቃል፥ በበጋም ደቅቆ ትቢያ ይሆናል። ቆላው ግን ወደ ብላቴና ወደ ኦሞ ወንዞች፥ ወደ አባያም ሐይቅ ይወርዳል፤ በዚያ ሙቀት ይበረታል፥ ቢንቢም ይበዛል።

በሽታውን ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። አስቀድሞ የእግር መዳፍ ያሳክካል፥ ያቃጥላል፤ ቀጥሎ እግሩ ያብጣል፤ እብጠቱም እየወጣ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ቆዳው እየጠነከረ ይሄዳል፤ በላዩም እንደ ሽበት የመሰለ ሻካራ ነገር ይበቅልበታል። በየጊዜውም ትኩሳትና ጽኑ ሕመም ተነሥቶ በሽተኛውን ለብዙ ቀን ያስተኛዋል። በ2003 በታተመው ጥናት፥ በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 የሚበልጡት ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቶአል። በ2006 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ፥ በዚያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይኖርበት በነበረው በዚህ ዞን በሽታው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ጕዳት እንደሚያደርስ፥ በሽተኛውም ከሥራ ቀኑ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጣ አስረድቶአል።

ጕዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። በሽታው ያለበት ቤተ ሰብ ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ የታመመ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ የታመመ ሽማግሌ ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት ይርቃል። ይህ ሁሉ የሚደርስበት ጎረቤቱ የበሽታውን ምክንያት በራሱ ግምት ስለሚፈርድ ነው፤ አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ተላላፊ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም የዘር በሽታ ስለ ሆነ መድኃኒት የለውም ይላል።

፪ኛ፤ ምክንያቱ ቀድሞ እንዴት እንደ ተሳተ

በምክንያቱ የተሳተው ባላገር ብቻ አልነበረም። በ1877 ፓትሪክ ማንሰን የተባለ ሐኪም በቻይና አገር በአሞይ ከተማ ሳለ፥ ፊላሪያ የሚባለውን ቀጭን ትል ቢንቢ ከሰው ደም ጋራ እንደምትመጠው ተመለከተ። ይህም ትል የሰውነት ውኃ የሚመላለስበትን ሥር እየዘጋ እግርን እንደሚያሳብጥ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ያበጠ እግር በታየበት አገር ሁሉ ትሉ አለ ብሎ መገመት የተለመደ ሆነ። በእርግጥም በአገራችን በጋምቤላ ቆላ ይህ ትል ይገኛል። በደጋ ግን የበሽተኞቹ ደም በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ትሉ አልተገኘም።

በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ የሠራው ብሪታንያዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ነገሩን በሌላ መንገድ መረመረው። በሽተኞቹ የሚኖሩበትን አገር ከአፈሩ ዓይነት ጋራ አስተያየ፤ በሽታውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ እንደሚበዛ በ1976 ጻፈ። ቀጥሎም በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የተወሰደ ንፍፊት ሲመረመር፥ እንደ ሲሊኮንና እንደ አሉሚኒየም ያለ የአፈር ንጥረ ነገር በውስጡ ተገኘ። በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ እግርንና ትቢያን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተወጣጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ይህን በሽታ ከተዘነጉት የሞቃት አገሮች በሽታዎች መካከል ቈጠረው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ ምልክቱ አንድ ስለ ሆነ ምክንያቱም አንድ ነው ማለት አይገባም። በ2013 በመላው ኢትዮጵያ በ659 ወረዳዎች፥ ከ1,300 በሚበልጡ መንደሮች ምርመራ ሲደረግ፥ መርማሪዎቹ ያበጠ እግር ቈጥረው ብቻ አልተመለሱም፤ ደምን እየመረመሩ በትል የመጣውን በአፈር ከመጣው ለዩ። ይህ ባይደረግ ኖሮ፥ ለትሉ የተዘጋጀው መድኃኒት ትል ወደሌለበት ደጋ በየዓመቱ ሊላክ ይችል ነበር፤ ጫማና ሳሙና የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ኪኒን ውጦ በባዶ እግሩ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር።

፫ኛ፤ አደናጋሪ ምክንያት በቍጥር ሲገለጥ

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ የሒሳብ ምሳሌ ይቀርባል። ቍጥሮቹ ለትምህርት የተዘጋጁ ናቸው እንጂ በአገሩ የተቈጠሩ አይደሉም። አንድ የወረዳ ጸሐፊ በደጋና በቆላ ካሉ ቀበሌዎች 2,000 ሰዎች መረመረ እንበል። ከእነዚህ 1,000ዎቹ ዋና ምግባቸው እንሰት ነው፤ 1,000ዎቹ ደግሞ በቈሎ ነው። ካበጠ እግር በእንሰት ተመጋቢዎቹ ዘንድ 41 ሰው ተገኘ፤ በበቈሎ ተመጋቢዎቹ ዘንድ ግን 14 ብቻ ተገኘ። ጸሐፊውም፦ «እንሰት መብላት በሽታውን ወደ ሦስት እጥፍ ያበዛል» ብሎ ለሹሙ ጻፈ።

ሹሙ ግን አስተዋይ ስለ ነበረ ቍጥሩን በደጋና በቆላ ለይተህ አምጣ አለው። ሲለይ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በቀይ አፈር ደጋ ከሚኖሩት ውስጥ እንሰት ተመጋቢዎቹ 800 ናቸው፥ ከነርሱም 40 ታመዋል፤ በቈሎ ተመጋቢዎቹ 200 ናቸው፥ ከነርሱም 10 ታመዋል። ሁለቱም ከ100 ሰው 5 ይሆናሉ። በቆላ ደግሞ እንሰት ተመጋቢዎቹ 200 ናቸው፥ ከነርሱም 1 ታሞአል፤ በቈሎ ተመጋቢዎቹ 800 ናቸው፥ ከነርሱም 4 ታመዋል። ሁለቱም ከ200 ሰው 1 ይሆናሉ።

እንግዲህ በአንድ አፈር ላይ የሚኖሩት ሲተያዩ፥ እንሰት የሚበላና በቈሎ የሚበላ ምንም ልዩነት አልተገኘባቸውም። እንሰት በደጋ ስለሚበዛ፥ በሽታውም በቀይ አፈር ደጋ ስለሚበዛ፥ በጥቅሉ ሲቈጠር ሁለቱ የተያያዙ መስለው ታዩ። አደናጋሪው ምክንያት የሚኖሩበት ምድር ነበር። ሹሙ በመጀመሪያው ማስታወሻ ተመርቶ እንሰት ይነቀል ብሎ ቢያዝ ኖሮ፥ አገሩን ወደ ረኃብ ይመራው ነበር፤ ከበሽተኞቹም አንድ እንኳ አይቀንስም ነበር።

፬ኛ፤ አደናጋሪው በምን ይታወቃል

አንድ ነገር አደናጋሪ ምክንያት መሆኑን ለመጠርጠር ሦስት ምልክቶች ይፈለጋሉ። አንደኛ፥ ምክንያት ነው ከተባለው ነገር ጋራ አብሮ የሚገኝ መሆኑ ነው፤ ደጋ ከእንሰት ጋራ እንደሚገኝ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ በራሱ በሽታውን የሚያመጣ ወይም የሚያበዛ መሆኑ ነው፤ ቀይ አፈር በባዶ እግር ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሦስተኛ፥ ምክንያት ከተባለው ነገር የተወለደ ውጤት አለመሆኑ ነው።

ይህ ሦስተኛው ምልክት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለምሳሌ፥ ድኻ ጫማ መግዛት አይችልም፤ ባለጠጋ ይገዛል። ስለዚህ ጫማ ከበሽታ ይጠብቃል ወይ ብሎ የሚመረምር ሰው ድኻን ከድኻ፥ ባለጠጋን ከባለጠጋ ጋራ ማስተያየት አለበት፤ ባለጠጋው ጫማ ከማድረጉም በላይ እግሩን የሚታጠብበት ውኃና ሳሙና ስለሚያገኝ፥ እርሻም ስለማይወርድ ነው። ነገር ግን የሚጠየቀው የዛሬው ሀብት ከሆነ ሌላ ስሕተት ይገባል። በሽታው ራሱ ሰውን ከሥራ አውጥቶ ያደኸያልና፤ የዛሬው ድኽነት የበሽታው ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰውዬው ከመታመሙ አስቀድሞ የነበረው ኑሮ፥ የወላጆቹም ኑሮ ሊጠየቅ ይገባል።

በጫማም እንዲሁ ነው። ዛሬ ጫማ ያላደረገውን በሽተኛ አይቶ፦ «ጫማ ስላላደረገ ታመመ» ማለት አይበቃም፤ እግሩ ስላበጠ ጫማ እምቢ ብሎት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ዛሬ ጫማ ያደረገውን በሽተኛ አይቶ፦ «ጫማ አልጠቀመውም» ማለት አይገባም፤ በሶዶ ከ1998 ጀምሮ እነዚህን በሽተኞች የሚረዳው የሞሲ ፉት ማኅበር ለእግራቸው በልክ የተሠራ ጫማ ሲሰጥ ኖሮአልና፥ ጫማውን ያገኘው በመታመሙ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ፦ «መጀመሪያ ጫማ ያደረግኸው በስንት ዓመትህ ነው? እግርህስ ማበጥ የጀመረው በስንት ዓመትህ ነው?» የሚል ነው። ምክንያት ከውጤት መቅደም አለበት፤ ጊዜውን ያልጠየቀ ሰው ጋሪውን ከበቅሎው አስቀድሞ ያስራል።

፭ኛ፤ ስለ ዘርና ስለ አፈር

በወላይታ ይህ በሽታ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ተደጋግሞ መታየቱን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን የአንድ ቤት ልጆች የሚካፈሉት ደም ብቻ አይደለም። በአንድ የአፈር ወለል ላይ ያድራሉ፤ አንድ እርሻ ላይ ይውላሉ፤ አባታቸው ጫማ ካልገዛ ሁሉም በባዶ እግር ያድጋሉ። ስለዚህ በሽታው በዘር ይሁን ወይስ በአኗኗር፥ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

በ2007 የታተመው የወላይታ ቤተ ሰቦች ጥናት ይህን ለመለየት ሞከረ። አጥኚዎቹ ዕድሜንና የጫማን ልማድ በሒሳባቸው ውስጥ አስገቡ። የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው ይልቅ ወደ አምስት እጥፍ በበሽታው እንደሚያዝ፥ ከመታመም ልዩነትም 63 በመቶ የሚሆነው ከዘር የተነሣ እንደ ሆነ ገመቱ። ዕድሜና ጫማም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ተገኘ። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና የሥራ ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ 194 በሽተኞችን ከ203 ጤነኞች ጋራ አስተያየ። በዚህ ጥናት ለንጽጽር የሚመረጠው ጤነኛ ሰው ከዚያው ሕዝብ የተወለደ፥ ለዚያውም አፈር የተጋለጠ መሆን አለበት። ጫማ አድርጎ በከተማ ያደገ ጤነኛ ቢመረጥ፥ የታየው ልዩነት የዘር ይሁን የጫማ ማወቅ አይቻልምና። ከሌላ ሕዝብ የተወለደ ቢመረጥም፥ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የትውልዱ አይለይም። ጥናቱም ከሰውነት መከላከያ ኀይል ጋራ የተያያዘ የዘር ልዩነት በበሽተኞቹ ላይ አገኘ።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለሹም ትልቅ ነገር ነው። ዘር ሰውን ለበሽታው የቀረበ ያደርገዋል፤ አፈሩ እግሩን ካልነካው ግን በሽታው አይመጣም። እንግዲህ ጋብቻን መከልከል መድኃኒት አይደለም። በሽተኛ ያለበት ቤት ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ሊደረግለት የሚገባው ልጅ ነው እንጂ ሊሸሹት የሚገባ አይደለም።

፮ኛ፤ ስለ ዕጣ

ከላይ እንደ ተገለጠው፥ አደናጋሪ ምክንያትን ለማስወገድ በየክፍሉ ለይቶ መቍጠር፥ እኩያን ከእኩያ ጋራ ማስተያየትና በሒሳብ ማስተካከል ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ጕድለት አለባቸው፤ የሚያስወግዱት የታሰበውንና የተጠየቀውን አደናጋሪ ብቻ ነው። ያልታሰበው እንደ ተሰወረ ይቀራል።

ያልታሰበውንም የሚያስተካክል አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም ዕጣ ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ለምለሙንና ጭንጫውን መሬት ሲካፈሉ ማንም እንዳያጕረመርም ዕጣ ይጥላሉ። መርማሪም የሚታከመውንና የሚቈየውን በዕጣ ሲለይ፥ ብርቱውና ደካማው፥ ድኻውና ባለጠጋው፥ ትጉሁና ሰነፉ በሁለቱም ወገን ተመጣጥነው ይገኛሉ፤ ብዙ ሰው ሲሆን ይህ ይበልጥ ይፈጸማል።

ሕክምናው ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ በምሥራቅ ጎጃም ተፈትኖአል። ቀድሞ የሚታከሙት እየተሻላቸው ቢታዩም፥ ወደ ሕክምና የሚመጣው ትጉሁ ሰው ነውና፥ የተሻለው በሕክምናው ይሁን በትጋቱ በእርግጥ አይለይም ነበር። ውጤቱ በ2018 በታተመው ጥናት 696 በሽተኞች በዕጣ ተለዩ። እኩሌቶቹ ወዲያው እግራቸውን በሳሙና እንዲያጥቡ፥ ቅባት እንዲቀቡ፥ በፋሻ እንዲያስሩ፥ ካልሲና ጫማ እንዲያደርጉ ተደረገ፤ እኩሌቶቹ ከ12 ወር በኋላ ይህንኑ እንዲያገኙ ተወሰነ። በዓመቱ ውስጥ ትኩሳት ያለበት የእግር ሕመም መነሣት፥ ወዲያው በታከሙት ዘንድ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ይህ ልዩነት በሰው ትጋት ወይም በሀብት ይመካኛል ማለት እንግዲህ አይቻልም።

፯ኛ፤ ማስታወሻ ሲቀርብ ሹም ሊጠይቀው የሚገባ

ስለ በሽታ ምክንያት ከወረዳ ማስታወሻ ሲመጣ፥ ትእዛዝ ከመጻፉ አስቀድሞ እነዚህ ጥያቄዎች ይጠየቁ።

አንደኛ፤ የታመሙት ብቻ ናቸውን የተቈጠሩት፥ ወይስ ያልታመሙትም ጭምር? ያልታመሙት ካልተቈጠሩ ማስተያየት የለም።

ሁለተኛ፤ ቍጥሩ የተሰበሰበው ከየት ነው? በገበያ ከሆነ፥ መራመድ የተሳነው በሽተኛና በእፍረት የተደበቀው አልተቈጠሩም፤ ቤት ለቤት መሄድ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ የታመሙትና ያልታመሙት በምድር ከፍታ፥ በአፈር ዓይነት፥ በዕድሜ፥ በሥራና በኑሮ ይመሳሰላሉን? ካልተመሳሰሉ ቍጥሩ በየክፍሉ ተለይቶ ዳግመኛ ይቅረብ።

አራተኛ፤ በየክፍሉ ሲለይ የተባለው ልዩነት ጸንቶ ይቈያልን? ቢጠፋ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ቢቀንስ አደናጋሪው ከፊሉን ሸፍኖ ነበር፤ ጸንቶ ቢቈይ ግን ነገሩ ይበልጥ ይታመናል።

አምስተኛ፤ ምክንያት የተባለው ነገር ከበሽታው መጀመር በፊት ነበረን? ጊዜው ይጠየቅ።

ስድስተኛ፤ ስሕተት ቢሆን የሚጐዳው ማን ነው? ጕዳቱ የባላገሩን ምግብ፥ ጋብቻ ወይም መሬት የሚነካ ከሆነ፥ ያለ ሐኪም ምስክርነት ትእዛዝ አይሰጥ።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ሥራን ለማዘግየት ምክንያት እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ትእዛዝ ቢሳሳትም አይጐዳም፤ እግርን በሳሙና መታጠብ እንዲህ ያለ ነው። እንሰት መንቀል ግን እንዲህ አይደለም። የማስረጃው ጥብቅነት በትእዛዙ ክብደት መጠን ሊሆን ይገባል።

በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የሚሠቃየው ሰው ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ከ2013ቱ ምርመራ ተገምቶአል፤ በሽታው የሚገኝባቸው ወረዳዎችም 345 ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች ላሉ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች የሚቀረው ሥራ ምክንያቱን መፈለግ አይደለም፤ ምክንያቱ ታውቆአልና። ሥራው ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ እንዲያደርጉ፥ በእርሻ የሚውል ሠራተኛ ጫማ ሳይኖረው ቀይ አፈር እንዳይረግጥ፥ ማታ ከሥራ ሲመለስም እግሩን የሚታጠብበት ውኃና ሳሙና እንዲያገኝ፥ የታመመውም ከማኅበርና ከትምህርት ቤት እንዳይለይ ማድረግ ነው። ወደ ፊት ሌላ በሽታ በሌላ አገር ሲነሣ ደግሞ፥ የመጀመሪያው ማስታወሻ የመጀመሪያ ግምት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል።